«አሮጌ ነው» የሚባል በሽታ የለም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የሚቀየም ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ከሚወቀሱት አንዱ እኔ ራሴ ስለሆንኩ ግን አስቀድሜ ይቅርታ አልጠይቅም።

ጉዳዩ ሚኒሞ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳል ስታነሱ ሞተሩ በራሱ የሚዞርባት ያቺ ዝቅተኛ ፍጥነት። ስሟን ከጣሊያን ወርሰናታል፣ ጠባይዋን ግን እስከ ዛሬ አላጠናናትም። «መኪናዬ ሚኒሞ አልይዝ አለች» ብሎ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ካቻቢቴ ያወጣል፣ የሚኒሞዋን ብሎን ሩብ ዙር ያዞራል፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ይጮኻል፣ መንቀጥቀጡ ይቆማል። «በቃ ተስተካክላለች» ይላል። ደንበኛውም ደስ ብሎት ይከፍላል። ከወር በኋላ ስትመለስ ሌላ ሩብ ዙር። በሦስተኛው ደግሞ ያ የማልወደው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፦ «አሮጌ ናት እኮ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

የዛሬው ጠቤ ከዚህች ሩብ ዙርና ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በሰፈራችን ሁላችንም «ሲስተር» የምንላቸው ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ። ባለቤታቸው ሲያርፉ የተዉላቸው አንዲት ኮሮላ ዲኤክስ አለቻቸው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ካርቡራተር ያላት፣ ከብዙ አዲስ መኪና የተሻለ የተያዘች መኪና ናት። ጥቅምት ላይ መብራት ስትይዝ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም መጥፋት ጀመረች። የመጀመሪያው መካኒክ ካንዴላ ቀየረ። ለሁለት ሳምንት ደህና ሆነች፤ ካንዴላው ስለሠራ አይደለም፣ ሲጨርስ ብሎኗን ስላዞራት ነው። ሁለተኛው ካርቡራተሩ አልቋል ብሎ ሌላ አሮጌ ካርቡራተር አስገዝቶ ገጠመ። እሱም ሲጨርስ አዞረ። ሦስተኛው ኮይልና የካንዴላ ገመዶች ለወጠ። አዞረ። በአምስት ወር ውስጥ ከ38 ሺህ ብር በላይ ወጣ። የጡረተኛ ገንዘብ ነው ይሄ። በመጨረሻ ሦስቱም ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሆኑ፦ «እናቴ፣ አሮጌ ናት፣ ይሽጧት።»

መጋቢት ላይ፣ የማርያም ዕለት፣ ሲስተር እንጦጦ ማርያም ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ረገጡ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። በእጅ ፍሬንና በማርሽ እየታገሉ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አላትመው አቆሟት። ከፊታቸው ሰው አልነበረም። ልብ በሉ፣ ያዳነን ይሄ ብቻ ነው፤ ከፊታቸው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ በሬን አንኳኩ። «ወንድሜ፣ መኪናዋን ልሸጣት ነው» አሉኝ። «ግን ለሚገዛኝ ሰው ምን ብዬ ልሽጥለት? አንዳንዴ ፍሬን የላትም ልበለው?»

ይህን የጠየቁት ሲስተር ናቸው። ከሦስቱ ባለሙያዎች አንዱም ይህን ጥያቄ አልጠየቀም።

አሁን ትንሽ ትምህርት ልስጥ፤ ተማሪዎቼ የረሳችሁት ካለ አስታውሱ፣ መካኒክ ያልሆናችሁም ተከታተሉኝ፣ ከባድ ነገር የለውም።

ቤንዚን ሞተር ማለት አየር የሚስብ ፓምፕ ነው። በሚኒሞ ጊዜ የአየር መግቢያው ትሮትል ሊዘጋ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሞተሩ በጠባብ ቀዳዳ እየማገ ስለሆነ ከትሮትሉ በታች፣ በኢንቴክ ማኒፎልዱ ውስጥ፣ ቫኪዩም ይፈጠራል። እዚህ ክፍል ላይ በየትኛውም ቦታ ቀዳዳ ካለ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ይሁን፣ የደረቀ ጓርኒሲዮን ይሁን፣ ያልተጠበቀ አየር ይገባል። ካርቡራተሩ ያን አየር አያውቀውም፤ ቤንዚን አይመድብለትም። ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል።

እዚህ ጋ ዋናው ነገር ይመጣል። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ቀዳዳ ትልቅ ድርሻ አላት። ነዳጅ ረግጣችሁ ስትሮጡ ግን ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ ያችው ቀዳዳ ከቁጥር አትገባም። ለዚህ ነው «ስትሄድ ምንም አትልም፣ ስትቆም ነው የምትንቀጠቀጠው» የምንለው። ሚኒሞ የሞተሩ በጣም ሐቀኛ ሰዓት ነው። አየሩ፣ ቤንዚኑ፣ ብልጭታው፣ መጭመቁ፣ የቱም ቢጎድል ደብቆ ማለፍ አይችልም። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ብሎኗን አዙረን ትሮትሉን ከፈት እናደርግና ሞተሩ ከዚያ ሐቀኛ ሰዓት እንዲያመልጥ እንረዳዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል አይደል? እዚህ ግን በሽተኛው አልደበቀም። እየተንቀጠቀጠ ሲናገር አፉን የያዝነው ሐኪሞቹ ነን።

ወደ ሲስተር መኪና እንመለስ። ምን አደረግሁ? አዲስ ነገር አላደረግሁም። ሞተሩን አስነሣሁና እስኪሞቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ከማኒፎልዱ የሚወጡትን ቱቦዎች አንድ በአንድ፣ ጨርቅ በጠቀለልኩበት ፒንሳ ቆንጠጥ እያደረግሁ አዳመጥኩ። አንዱን ስቆነጥጥ ለውጥ የለም። ሌላውን፣ ለውጥ የለም። ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደውን ወፍራሙን ቱቦ ስቆነጥጥ ሞተሩ ጮኸ! መንቀጥቀጡ ጥፍት ብሎ፣ ዙሩ ወደ ላይ ተተኮሰ። ያ ጩኸት የአምስት ወር ሩብ ዙሮች ድምር ነው። ሌባው ቀዳዳ ሲዘጋ፣ ለእሱ ተብሎ የተጨመረው ሁሉ ተርፎ ወጣ።

ሰርቮ ማለት በፍሬን ፔዳሉ ትይዩ፣ ከኮፈኑ ሥር ያለው ጥቁር ክብ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ የጎማ ዲያፍራም አለው። ሞተሩ ከአንድ ወገን ቫኪዩም ይሰጠዋል፣ በሌላው ወገን ውጭ ያለው አየር ይገፋዋል፤ በዚህ ነው እግራችሁን የሚያግዘው። ጤነኛ ሰርቮ ሞተር ቢጠፋ እንኳ ለአንድ ሁለት ጊዜ የሚሆን እርዳታ ይዞ ይቆያል። ዲያፍራሙ የተቀደደ ሰርቮ ግን የሚያስቀምጠው ነገር የለውም። ሞተሩ ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። በቁልቁለቱ ላይ የሆነው ይሄ ነው።

እና አስቡት። ሚኒሞዋን ያወካት ነገር ፍሬኑ ነበር። ቀዳዳዋ እያደገች በሄደች ቁጥር መኪናዋ መብራት ላይ እየተንቀጠቀጠች «ፍሬኔን እዩልኝ» ትል ነበር። ሦስት ሰዎች ሰምተው ሦስቱም ብሎን አዞሩ። ይባስ ብሎ ትሮትሉን ከፈት ሲያደርጉት ሰርቮው የሚያገኘውን ቫኪዩም በጥቂቱም ቢሆን ቀነሱት፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የሚይዘውንም አላሉት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ብቻ ቢሆን ገንዘብ ነው፣ ይሄዳል ይመጣል እንል ነበር። ይሄ ግን የሰው ነፍስ ነው።

ሰርቮው ተለወጠ፣ ብሎኗ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዛሬ መኪናዋ በ750 ዙር አካባቢ ቆማ ትሠራለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ የስኒ ቡና ብታስቀምጡ አይፈስም። አሮጌዋ መኪና ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ጠቡ።

ከሦስቱ መካኒኮች አንዱ፣ ካርቡራተሩን የለወጠው፣ የኔ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ስሙን አልጠራም፣ እሱም ይህን ያነባል፣ ከመጻፌ በፊትም ነግሬዋለሁ። ደወልኩለትና ተቆጣሁ። ዝም ብሎ አዳመጠኝና የመለሰልኝን እንዳለ ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የምትሉት ነው።

«ቲቸር» አለኝ፣ «እርስዎ እውነትዎን ነው። ግን ደንበኛ ለምርመራ አይከፍልም። አንድ ሰዓት ተንበርክኬ፣ ቱቦ በቱቦ ፈትሼ፣ ‹የአርባ ብር ቱቦ ነው፣ ለሥራዬ ስድስት መቶ ስጠኝ› ብለው ‹አርባ ብር ለማይሞላ እቃ ስድስት መቶ?› ብሎ ይሰድበኛል። ካርቡራተር ስቀይርለት ግን እጁን ዘርግቶ ይከፍላል፣ ያመሰግነኛልም። እኔ የቤት ኪራይ አለብኝ።»

እውነት ለመናገር ለጊዜው መልስ አጣሁ። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባለመኪኖችን ልናገር።

እናንተ ባለመኪኖች፣ እውቀት ስለማይታይ አትከፍሉበትም። የሚታይ ብረት ስጡኝ ትላላችሁ። መካኒኩም የፈለጋችሁትን ብረት ይሰጣችኋል። ለሐኪም ካርድ ታወጣላችሁ፣ ለላብራቶሪ ትከፍላላችሁ፣ «ምንም የለብህም» ሲባል ደግሞ ደስ ብሏችሁ ትወጣላችሁ እንጂ «ታዲያ ለምን ከፈልኩ?» አትሉም። መካኒክ ጋ ስትሄዱ ግን ምርመራው ነጻ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ነጻ ምርመራ የሚባል ነገር የለም፤ ዋጋው በማያስፈልጋችሁ ካርቡራተር ውስጥ ተደብቆ ነው የምትከፍሉት። ስድስት መቶ ብር አስመርሯችሁ ሠላሳ ስምንት ሺህ ታወጣላችሁ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ ተማሪዬ። የቤት ኪራዩን ሰማሁ። ግን ሲስተር አንተን ሲያምኑህ የከፈሉት ለካርቡራተር አልነበረም። መኪናዋ ምን እንደሆነች የምታውቅ መስሏቸው ነው። አላወቅክም። አለማወቅ ነውር አይደለም፣ ማንም ሁሉን አያውቅም። ነውሩ «አላወቅኩትም» ማለት ሲገባህ «አሮጌ ነው» ማለትህ ነው። «አሮጌ ነው» ምርመራ አይደለም፤ ምርመራ ላለማድረግ የሚሰጥ ሰበብ ነው። የስልሳ ዓመት ሰው ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ቢመጣ «እርጅና ነው» ብሎ የሚመልሰውን ሐኪም ምን ትለዋለህ? የ35 ዓመት ቱቦ ይሰነጠቃል፣ እሺ። ታዲያ የትኛው ቱቦ? እድሜው ፍለጋህን የት እንደምትጀምር ይጠቁምሃል እንጂ ፍለጋውን አያስቀርልህም።

ሌላው ሰበብ «መሣሪያ የለንም» ነው። ኧረ ተዉ! እኔ የተጠቀምኩት ፒንሳና ጨርቅ ነው። በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ዙሪያ አየር መግባቱን ለማወቅ በጠርሙስ ውሃ ርጭት አድርጎ ማዳመጥ ይበቃል፤ ውሃው ሲነካው ሞተሩ ጠባዩን ከለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ለዚህ ቤንዚን የምትረጩ ልጆች አላችሁ፣ አይቻለሁ። አንድ ቀን በካንዴላ ገመድ ብልጭታ ጋራዡን ታቃጥሉታላችሁና ተዉ። ፒሲቪ ቫልቩን አውጥቶ መነቅነቅ በነጻ ነው፤ ቷ ቷ ካላለ ተዘግቷል። ካንዴላ አውጥቶ ቀለሙን ማየት በነጻ ነው። ጥቀርሻ የለበሰው ቤንዚን በዝቶበታል፣ የነጣው ቤንዚን አንሶታል፣ ከአራቱ አንዱ ብቻ የተለየ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው እንጂ የካርቡራተሩ አይደለም፤ ካርቡራተሩ ለአራቱም ነው የሚያበላው።

ከሁሉ የሚቀድመው መጠየቅ ነው። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ነዳጅ ከቀዳችሁ በኋላ ነው የጀመረው? ኤሲ ስትከፍቱ ነው? ፍሬን ስትረግጡ ይብስባታል? ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ ቾኩን እይ። ነዳጅ በተቀዳ ማግስት ከሆነ ውሃ የገባበት ቤንዚን ጠርጥር። ፍሬን ሲረገጥ ከሆነ ሰርቮውን። የመጨረሻዋን ጥያቄ ለሲስተር የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ስጠይቃቸው ወዲያው ነው የመለሱት፦ «አዎ፣ ፍሬን ስይዝ ነው እኮ የሚብስባት! ለሁሉም ልነግራቸው ስል አልሰሙኝም።» መልሱ በባለቤቲቱ አፍ ውስጥ ለአምስት ወር ተቀምጦ ነበር።

«እኛ ዘመናዊ ነን፣ ስካነር አለን» የምትሉትም እንዳትስቁ፣ ተራችሁ ነው። በቪትዙና በአዳዲሶቹ ኮሮላዎች ላይ የምትሠሩት ያንኑ ሩብ ዙር ነው፣ በኮምፒውተር መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ስካነሩ «ፒ0171» ይላችኋል። ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፣ በቃ። ለምን እንዳነሰው አይናገርም። እናንተ ግን ኮዱን እንዳያችሁ የኦክስጅን ሴንሰር ታስለውጣላችሁ። ሴንሰሩ እኮ አየር በዝቷል ብሎ እውነቱን የተናገረው ምስክር ነው! ምስክሩን አባርራችሁ ሌላ ምስክር ታመጣላችሁ፣ እሱም ያንኑ ይመሰክራል። «ፒ0300» ሲላችሁ ደግሞ አንዱ ሲሊንደር አንዴ፣ ሌላው ሌላ ጊዜ እየሳተ ነው ማለቱ ነው እንጂ «አራት ኮይል ግዛ» ማለቱ አይደለም። ኮድ ጥያቄ ነው፣ መልስ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ስንቱ ቪትዝ ነው የቆሸሸ ትሮትል በማጽዳት የሚድነው፣ ኮምፒውተሩ ተለውጦለት የሚያውቅ?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄኛው የመጽሐፍ ሰዎችን ይመለከታል። ከውጭ የመጡት የጥገና መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ጊዜ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም ያሳያል ይላሉ። እውነት ነው፣ በባሕር ጠረፍ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ300 ሜትሩ ወደ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ከ10 እስከ 13 የሚያነብ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ልጅ ግን ጌጁን አይቶ «ቫልቭ አልቋል፣ ፋሻ አልቋል» ብሎ ጤነኛ ሞተር ያወርዳል። ካርቡራተሩም እንዲሁ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለው ደግሞ አዋሽ ሲወርድ ይሳሳበታል። ድሬዳዋ ደርሳ ሚኒሞ ያስቸገረች መኪና የግድ አልታመመችም፣ አገር ነው የለወጠችው። ሰርቮውንም የሚገፋው የውጭ አየር ስለሆነ፣ እኛ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ከጠረፍ ሰው ያነሰ እርዳታ ነው ያለን። የሚባክን ቫኪዩም የለንም ማለት ነው።

«መምህር፣ ለአንድ አሮጌ ዲኤክስ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?» የሚል አይጠፋም። መልሴ ይሄ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ከባድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ኤሌክትሪኩ እየመጣ ነው፣ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ያለችው ዲኤክስ፣ ያለችው ቪትዝ፣ ያለው ሚኒባስ ነገ ጠዋት ከመንገድ አይጠፋም። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት፣ ታክሲ ሆነው የሚያሳፍሩን፣ ቁልቁለት ላይ ከኋላችን የሚመጡት እነሱ ናቸው። መኪኖቹ ባረጁ ቁጥር የሚያስፈልገን መካኒክ የበለጠ ጠያቂ መሆን አለበት። እኛ ግን በተቃራኒው እየሄድን ነው፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር የምንጠይቀው እያነሰ ነው።

አሁን ወደ ራሴ። ይቅርታ የማልጠይቅበት ምክንያት ነው ያልኳችሁ።

ያ ተማሪዬ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ጨመረ። በቁጣ አልነበረም፣ እንደ ትዝታ ነው ያለው። «ቲቸር፣ ወርክሾፑ ውስጥ ያለችውን የመለማመጃ ሞተር ያስታውሷታል? ጠዋት ጠዋት አልነሣ ስትል፣ ስትንቀጠቀጥ፣ እርስዎ እኮ ነበሩ ብሎኗን አዙረው ‹በሉ፣ ወደ ትምህርታችን› የሚሉን።»

እውነቱን ነው። አስታወስኳት። ለዓመታት ያቺ ሞተር በየጠዋቱ እየተንቀጠቀጠች ሃያ አምስት ሃያ አምስት ተማሪ ፊት ትቆም ነበር። ከእሷ የተሻለ መምህር አልነበረም። «ዛሬ ትምህርታችን ይሄ ነው፣ ለምን እንደምትንቀጠቀጥ ሳናውቅ ከዚህ አንወጣም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የትምህርቱ ዕቅድ ላይ «ቴስታታ ማውረድና መግጠም» ስለሚል ሩብ ዙር አዞርኩና ወደ ቴስታታው ሄድኩ። ፈተናም ስፈትን ማን ፈጥኖ ፈታ፣ ማን ፈጥኖ ገጠመ ነበር የማርመው። ማን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ ብዬ አንድ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። እጃቸው የፈጠነ ልጆች አስመረቅሁ። ልጆቹ በአፍ የነገርኳቸውን ረስተው በእጄ ያሳየኋቸውን ያዙ። ያች ሩብ ዙር እንጦጦ ቁልቁለት ላይ የደረሰችው ከኔ ወርክሾፕ ተነሥታ ነው።

ይህን ለሲስተር ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሳቅ አሉና «እኛም ድሮ ገጠር ጤና ጣቢያ ስንሠራ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነበር» አሉኝ። «ደም ሳናይ ኪኒን እንሰጥ ነበር። በኋላ ‹መጀመሪያ መርምሩ› ሲሉን ሥራ ያበዙብን መስሎን ተቆጣን። ስንመረምር ለካ ብዙው ወባ አልነበረም።» ትንሽ ዝም ብለው «ኪኒኑን ወስደው የሄዱትን አሁንም አስባቸዋለሁ» አሉ።

ተማሪዬ ቅዳሜ መጥቶ ሰርቮውን የገጠመው እሱ ነው፣ የእጁንም አልተቀበለም። ቱቦ በቱቦ አብረን አየን። አሁን ጋራዡ በር ላይ «ምርመራ በክፍያ» ብሎ ጽፏል። ደንበኛ ይሽሸው አይሽሸው እናያለን። እባካችሁ አትሽሹት።

ለባለመኪኖች የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለምርመራ ክፈሉ፣ በግልጽ ተዋዋሉበት። ሁለተኛ፣ እቃ ከመለወጡ በፊት «እንዴት አወቅክ?» በሉ። «ልምድ ነው» መልስ አይደለም፤ የተቀደደውን፣ የተዘጋውን ያሳያችሁ። የወጣውንም አሮጌ እቃ ተቀበሉ፣ የናንተ ነው። ሦስተኛ፣ ሚኒሞ ተስተካከለ ስትባሉ «ብሎን ነው ያዞርከው ወይስ ምክንያቱን አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊቱን እዩት፣ ይነግራችኋል።

ለመካኒኮች ልጆቼ የምለው አንድ ነው። የሚኒሞ ብሎን የምትዞረው ምክንያቱ ተገኝቶ ከተስተካከለ በኋላ ነው፣ መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ላይ ካዞርካት ማስረጃውን አጥፍተኸዋል። ያላገኘኸውንም «አላገኘሁትም፣ ሌላ ሰው ይየው» ብለህ መልስ። ስምህ አይጎድፍም። እኔ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ የሚለኝን መካኒክ ነው ለሰው የምጠቁመው።

በመጨረሻ የቤት ሥራ፣ መምህር አይደለሁ? ነገ ጠዋት መኪናችሁን ከማስነሣታችሁ በፊት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ የፍሬን ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡት፣ ጠጠር እስኪል። ከዚያ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር በጥቂቱ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ሰርቮው እያገዛችሁ ነው። ምንም ካላለ፣ ወይም ፔዳሉን ስትረግጡ ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ቁልቁለት አትውረዱ፤ አሳዩት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ አንድ ብርም አያስወጣም።

ያገኛችሁትን ከታች ጻፉልኝ። «አሮጌ ነው» ብሎ የሚጽፍ ግን ከ100 ዜሮ ነው የማርምለት።